ቀዩን ሐይቅ ሰማያዊ የመቀባት መብት

አማርኛችን «ቀለም» በምትለዋ ቃል ላይ የጫነባት ሸክም ብዙ ነው። የተማረ ሰው «ቀለም የቆጠረ» ይባላል። ትምህርት ቶሎ የሚገባው ልጅ በክፍል ጓደኞቹ አፍ «ቀለሜ» ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ጥፋቱን ሲሸፋፍን ያገኘነውን ሰው «ነገሩን ቀባባው» እንለዋለን። እንግዲህ ያው ቀለም አንድ ጊዜ ዕውቀት፣ አንድ ጊዜ መሸፈኛ ነው። የትኛው እንደሚሆን ቋንቋው አልወሰነም፤ ምርጫውን ለባለ ብሩሹ ትቶታል።

ከሰሞኑ የሚከነክነኝ ጥያቄም ከዚሁ የሚመዘዝ ነው። ለመሆኑ አንድ ሰዓሊ ያየውን ነገር ቀለም የመለወጥ መብት አለው? ካለውስ እስከ የት ድረስ? ጥያቄው የሰዓልያን የቤት ጣጣ ይመስላል። ግን አይደለም። ስለ ሀገሩ የሚጽፍ፣ የሚያወራ፣ ሪፖርት የሚያቀርብ፣ ለእንግዳ «ይሄውላችሁ» እያለ ጣቱን የሚቀስር ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። እኔ በሐይቅ ልጀምረው ያሰብኩት ሐይቅ ላይ ነገሩ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ሐይቁ አባያ ነው። የምንቆምበት ቦታ ደግሞ ላንቴ። የአዲስ አበባ ሰው ላንቴን ባያውቃት እንኳ ሙዟን ሳይበላ አልቀረም። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ በጋሞ ደጋና በአባያ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ያለች የገበሬ ቀበሌ ናት። ከላይ፣ ከጨንቻ በኩል፣ ሐሬ የሚባለው ወንዝ ይወርድላታል። ከታች አባያ ተኝቶላታል። በመካከሉ ሙዝ ነው፤ ሙዝ፣ ማንጎ፣ በቆሎ፣ ደግሞም ሙዝ።

አባያን ያየ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ምነው ቀላ?» ነው። ሻይ በወተት የሚመስል፣ ጀንበር ሲያገኘው ወደ መዳብ የሚሄድ፣ ደመና ሲጫነው ጭቃ የሚሆን ውሃ ነው። አርባ ምንጭ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላይ ቆሞ ለሚያይ ነገሩ ይብስበታል። የእግዜር ድልድይ ከሚባለው ሸንተረር በአንድ በኩል አባያ ቀልቶ፣ በሌላው በኩል ጫሞ ከሰማዩ ጋር ተመሳስሎ ይታያል። ሁለት ጎረቤታሞች፣ ሁለት መልክ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። አባያ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትልቁ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 13 ሜትር ገደማ ነው። ወንዞች ከየአቅጣጫው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ይገባበታል፣ ነፋሱ ያማስለዋል፣ አፈሩም ከታች አልቀመጥ ብሎ ይንሳፈፋል። ቀለሙ አፈር ነው ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን እስቲ ሦስት ሰዓልያን በጥቅምት ወር ላንቴ ወርደው፣ ሸራቸውን ወጥረው፣ የዘይት ቀለማቸውን ፈትተው፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንበል። ሦስቱም «የመጸው ሐይቅ» ሊሥሉ ነው የመጡት።

የመጀመሪያው ውሃውን ሰማያዊ አድርጎ፣ ዳር ዳሩን ቢጫና ቀይ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ዛፎች ደርድሮ ጨረሰ። ያማረ ሥዕል ነው፤ ሳሎን ይሰቀላል። ሁለተኛው ያየውን እንዳየ ሣለ፤ ቡናማውን ቡናማ፣ አረንጓዴውን አረንጓዴ። ሦስተኛው ግን ጉድ አመጣ። ውሃው ደም መሰለ፣ ሰማዩ ወይን ጠጅ ሆነ፣ የሙዙ ቅጠል ጥቁር ሊባል ትንሽ የቀረው ሰማያዊ ሆነ፤ ቀለሙንም በብሩሽ ሳይሆን በቢላ ለጥፎ፣ ሸራው የታረሰ ማሳ መሰለ።

ማነው የዋሸው?

የመንገድ ፍርድ የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። «ኧረ ምን ነካው! አባያን እንዲህ አየው እንዴ?» የመጀመሪያውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ሐይቅ ሰማያዊ፣ መጸው የሚረግፍ ቅጠል፤ ምን ስህተት አለው? እኔ ደግሞ ከሦስቱ ውሸታሙ የመጀመሪያው ነው ባይ ነኝ።

ለምን? ወቅቱን እንይ። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር መጸው የሚባለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ፈረንጁ በዚያው ሰሞን ቅጠሉ ይረግፍበታል። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ የቅጠሉ አረንጓዴ ይፈርስና ተደብቆ የነበረው ቢጫ ይወጣል፤ የሀገሩ ሰዓሊም ኀዘኑንና ስንብቱን ሁሉ በዚያ ቢጫ ይናገራል። እኛ ዘንድ ያው ጊዜ ዘመነ ጽጌ የሚጀምርበት ነው። ቢጫው የአደይ አበባ ቢጫ ነው፤ መሰናበቻ ሳይሆን መቀበያ። ጋሞ ላይ ደግሞ አዲሱ ዓመት የሚቀበልበት፣ በየሄደበት ተበትኖ የከረመ ዘመድ ወደ ቤቱ የሚመለስበት የመስቀላ ማግስት ነው። ላንቴ ስንወርድ ሌላም አለ። አካባቢው በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛል፤ ትልቁ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። ስለዚህ በላንቴ መጸው ቅጠል አይረግፍም። ሙዙ እንደለመለመ ነው። የሚወርደው የደጋው አፈር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሰዓሊ ላንቴ ድረስ የመጣው በከንቱ ነው። ያን ሥዕል ቤቱ ቁጭ ብሎ ከቀን መቁጠሪያ ላይ ሊገለብጠው ይችል ነበር። ዓይኑ ፊት አባያ ተዘርግቶ ሳለ እጁ የሠራው ሌላ ሰው፣ ሌላ ሀገር፣ ስለ ሌላ ሐይቅ የተሰማውን ነው። ጥፋቱ ቀለም መለወጡ ላይ አይደለም፤ ሳያይ መለወጡ ላይ ነው።

ይሄ ዓይነቱ ሥራ ለአባያ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢጣሊያዊው አሳሽ ቦቴጎ እዚህ ደርሶ ሐይቁን «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው፤ የንጉሡ የኡምቤርቶ ሚስት ስም ነው። ጫሞም «ሩስፖሊ» ተብሎ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሌላ ኢጣሊያዊ አሳሽ ልዑል ስም ነው። በሐይቁ ዳር ስንት ዘመን የኖረ ሕዝብ የራሱ ስም ነበረው፤ የካርታው ሰዎች ግን ከቤታቸው ይዘውት የመጡትን ለጠፉበት። ስሙ ዛሬ በአሮጌ ካርታ ላይ ቀርቷል። ልማዱ ግን እኛው ዘንድ አለ፤ ሰማያዊ ሐይቅ የሚቀባው ሰዓሊ የኛው ልጅ ነዋ!

ሁለተኛውን ሰዓሊ በቶሎ እንለፈው። ሐቀኛ ነው፤ አልዋሸም። ግን ያየውን መገልበጥ ብቻውን እውነት ከሆነ ካሜራ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ሐቀኛ ነው ማለት ነው። ካሜራ ደግሞ ምንም አልተሰማውም።

ሦስተኛው ጋ ነው ቁም ነገሩ። ይህ የአሣሣል መንገድ ከየት መጣ ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1905 ድሬስደን ከተማ የተሰባሰቡት ወጣት ጀርመናውያን ናቸው። ለማኅበራቸው ያወጡት ስም «ድልድይ» የሚል ነበር። (የእግዜር ድልድይ ሰዎች ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።) እነዚህ ልጆች በጋ በጋውን ከከተማው ወጣ ብለው ወደ ሞሪትስቡርግ ሐይቆች እየሄዱ ውሃውን፣ ዛፉን፣ የሰውን ገላ ባልተለመደ ቀለም ይሥሉ ነበር። ቢጫ ሰው፣ ቀይ ዛፍ። ፍለጋቸው ነገሩ ምን እንደሚመስል ሳይሆን፣ ነገሩ ፊት የቆመውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ነበር።

ወደኛ ስንመለስ የምናገኘው ገብረ ክርስቶስ ደስታን ነው፤ ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሲመለስ ሥዕሎቹ «ይሄ ኢትዮጵያዊ ነው ወይ?» የሚል ክርክር ያስነሱበት ገጣሚም ሰዓሊም። «ጎልጎታ» የተባለ ሥዕሉን ያየ ሰው ቀዩን ቀለም አይረሳውም። እዚያ ላይ ቀይ ማለት ቀይ ልብስ፣ ቀይ መጋረጃ አይደለም። ሥቃዩ ራሱ ነው።

ገብረ ክርስቶስን «ፈረንጅ ሆነ» ብለው የተከራከሩት ሰዎች አንድ ነገር ዘንግተዋል። የኛ የጥንት ሰዓሊ መቼ ነው ያየውን ገልባጭ የነበረው? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ኃጢአተኛው፣ ሰይጣኑ፣ ወታደሩ ግን በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ሰዓሊው ባንድ ዓይናቸው የሚኖሩ ሰዎች አይቶ አይደለም። እየፈረደ ነው። ስለዚህ ነገርን እንዳለ ሳይሆን እንደሚመዝን አድርጎ መሣል ለኛ የውጭ ዕቃ አይደለም። እዚያው ጋሞም ቢሆን የዶርዜው ሸማኔ ዱንጉዛውን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር አድርጎ ሲጥለው የየትኛውን ሣር፣ የየትኛውን ሰማይ ቀለም ገለበጠ?

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። «ቆይ እንጂ!» ይላል። «ተሰማኝ ያለ ሁሉ ደስ እንዳለው ከቀባ፣ ያ ሰማያዊ ቀቢስ 'እኔም ሰማያዊ ሆኖ ተሰማኝ' ቢልህ ምን ትመልሳለህ? ስሜት ምስክር የለውም። ስሜትን ዳኛ ካደረግከው ውሸታም የሚባል ሰው አይኖርም።»

ክርክሩ ጠንካራ ነው። «ስሜት ነው፣ አይጠየቅም» ብሎ ማለፍ ያስቀይማል። እኔ የሚመስለኝ ግን ስሜትም ይጠየቃል። መጠየቂያው ቀላል ነው፤ «ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ነው። ሦስተኛውን ሰዓሊ ብትጠይቀው መልሱ ወደ ሐይቁ ይመልስሃል። «ሐሬ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ አየሁት፤ ቀዩ በቀዩ ላይ ሲፈስ ቁስል መሰለኝ። ማታ ላይ ሙዙ ሲጠቁር ፈራሁ፤ አዞ ያለበት ውሃ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት» ይልሃል። ያለውን ነው ያጋነነው፤ ያልነበረ አላመጣም። የመጀመሪያውን ብትጠይቀው ደግሞ መልሱ «ሐይቅ እኮ ሰማያዊ ነው» ይሆናል። ይሄ መልስ ወደ አባያ አይመልስህም፤ ወደ ልማድ ነው የሚመልስህ። ማጋነንና መተካት ይለያያሉ። የሚያጋንን ሰው ስላየው ነገር አብዝቶ ይናገራል፤ የሚተካ ሰው ግን ነገሩን ዝም ያሰኘዋል።

የዘይት ቀለም ደግሞ ለሰነፍ ሰበብ አይሰጥም። ቀለሙ በተልባ ዘይት ነው የሚለወሰው፤ አዎ፣ ያው የኛው ተልባ። ዘይቱ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ እያለ ይጠነክራል። ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ወፍራም ከሆነ ሳምንታትም ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰዓሊው ትናንት የቀባውን ዛሬ መፋቅ፣ መደረብ፣ ማደባለቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሰዓሊ ቀለም የሚታሸግበትን የቆርቆሮ ቱቦ ከፈለሰፈ ወዲህ ደግሞ ቀለሙን በኪስ ይዞ ሜዳ መውጣት ተችሏል። ውሃው ፊቱ አለ፣ ቀለሙ አልደረቀም። «አልታረመልኝም» የሚልበት ምክንያት የለውም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ሦስተኛው ሰዓሊ አሸነፈ፣ ቸር ሰንብቱ ብል። ነገር ግን ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አለ።

ሦስቱ ሲሥሉ አንድ የላንቴ ገበሬ ከሙዙ ማሳ ብቅ አሉ እንበል። ከሦስተኛው ሸራ ጀርባ ቆሙ። ቆዩ። «ልጄ፣ ይሄ ቀይ በጣም አምሮልሃል» አሉት። ሰዓሊው ደስ አለው፤ «አመሰግናለሁ አባባ» አለ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ይሄ ያማረልህ ቀይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ላይ፣ ደጋ ያለው የወንድሜ መሬት ነው።»

እውነታቸውን ነው። የጋሞ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ነው፤ ሐይቁ ያለው 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በመንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ያንን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርድ ውሃ ባዶ እጁን አይወርድም። ደገኛው አፈሩን የማያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም። እንሰቱን በፍግ የሚያሳድግ፣ ቁልቁለቱን በእርከን የሚይዝ፣ አይነኬ ደን ከአባቶቹ የተረከበ ሕዝብ ነው። ግን መሬቱ ጠቧል፣ ሰው በዝቷል፣ ዝናቡ ዝናብ ነው። የደጋው አፈር ወደ አባያ ሲወርድ፣ የደጋው ልጅ ደግሞ ሸማውን ይዞ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ተለወጠ። የሰው ኪሳራ የሆነውን ነገር «እንዴት ያምራል!» ማለት ነውር አይደለም ወይ?

«ነውር ነው» የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ሥዕሉ ሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከሥሩ ቢራውን የያዘ ሰው «የአባያ ጀንበር» እያለ ያደንቀዋል። ያየው ግን ጀንበር አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ የገብስ ማሳ ነው። ሥዕሉ ቁስሉን ጌጥ አደረገው። ገንዘቡም ለሰዓሊው ነው እንጂ ለደጋው አልደረሰ።

እኔ ግን እስከዚያ ድረስ አብሬያቸው አልሄድም። ስቅለት የተሣለበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሥቃይን በወርቅ ቀለም ከቦ ነው የሚያሳየን። ያ ነውር ነው ያለ ምእመን አላውቅም። ለምን? የሚያየው ሰው የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃላ! ውበቱ ሥቃዩን አልሸፈነበትም፤ ዓይኑን ሳያዞር እንዲያየው ነው የረዳው። ነውሩ ያለው ማማሩ ላይ ሳይሆን መደበቁ ላይ ነው። «የአባያ ጀንበር» ተብሎ የተሰቀለው ያው ሥዕል «የደጋው አፈር» ተብሎ ቢሰቀል፣ አንድ ጠብታ ቀለም ሳይጨመርበት ሌላ ሥዕል ይሆናል። ባለ ቢራው ቢያንስ አንዴ ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው፤ «አላየሁም» ማለት ግን አይችልም።

ደግሞም ሰዓሊው ዕዳ አለበት። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው የብረት ዝገት ነው። ሰው ከዋሻ ዘመን ጀምሮ ቀይና ቢጫ ቀለሙን የሚያወጣው ከዚሁ ዓይነት አፈር ነው። ዛሬም በቱቦ ታሽጎ ከሚሸጠው ቀይ ውስጥ የዚሁ ወገን የሆነ አለ። የሚለወስበት ዘይትም ያው የደጋ ገበሬ ከሚዘራው ተልባ የሚወጣ ነው። ሰዓሊው ሸራው ላይ የሚያሳርፈውና ወንዙ ሐይቁ ላይ የሚያሳርፈው ዘመዳሞች ናቸው። በሰው አፈር፣ በሰው እህል እየሠሩ የባለቤቱን ስም መዝለል ከነውርም ሌላ ስም ያለው ይመስለኛል።

ነገሩ የሰዓልያን ብቻ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው። ሰማያዊ ቀቢዎች በየቢሮው አሉን። እርከኑ ተሠራ፣ ችግኙ ተተከለ፣ ዕቅዱ መቶ አሥር በመቶ ተሳካ የሚል ሪፖርት ታች ያለውን ሐይቅ ሳያይ የተጻፈ ሰማያዊ ሐይቅ ነው። «ገጽታ ግንባታ» የምንላት ነገርም ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ናት። በተቃራኒው ሁሉን ጥቁር የሚቀቡም አሉን፤ «ሀገሩ አልቆለታል» ማለት የዕውቀት ምልክት የሚመስላቸው። እነሱም አላዩም። የሙዙ ልምላሜ፣ የመስቀላው ጭፈራ፣ መስከረም 2011 ዓ.ም. እርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል የወጣ ወጣት ፊት የተንበረከኩት የጋሞ ሽማግሌዎች ጥቁሩ ውስጥ አይታዩም። የሣሩ አረንጓዴ ያን ቀን የሠራውን አስታውሱ፤ ቀለምም ሥራ አለው።

ታዲያ ሦስተኛው ሰዓሊ ምን ያድርግ? ደሙንም፣ ወይን ጠጁንም አይተው። መብቱ ነው፤ አይቶታል፣ ተሰምቶታል። ግን ሸራውን ጠቅልሎ አይሱዙ ላይ ከሙዙ ጋር ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ይቀረዋል። እነዚያን አባት ይጥራቸውና ስለ ቀዩ የነገሩትን ለሚያየው ሁሉ እንደሚናገር ቃል ይግባላቸው። ከዚያ ሥዕሉን እንደገና ያሳያቸው። እሳቸው የሥዕል ትምህርት የላቸውም፤ አባያም በሕይወታቸው እንደዚያ ደም መስሎ ታይቷቸው አያውቅ ይሆናል። ሰዓሊው ዋሽቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ከሐያሲው በፊት የሳቸውን ፊት ማየት ይበቃል።